የምግብ ቤቴ ቆሻሻ በቀን ሦስት ማዳበሪያ ይሞላል፤ ምን ላድርገው?

የቄራዋ_ጓዳ

ሰላም ለሁላችሁም። ቄራ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ፤ ከከፈትኩት ስድስት ዓመት ሆነኝ። ጠዋት ፍርፍር፣ ምሳ ላይ በየዓይነቱና ሽሮ፣ ቅዳሜና እሑድ ጥብስ። ከእኔ ጋር ስድስት ሆነን ነው የምንሠራው።

በቀን ሦስት ማዳበሪያ ቆሻሻ ይወጣናል። ማዳበሪያ ያልኩት ጆንያውን ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የተረፈ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ሶፍት፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይከተታል። የጽዳት ማኅበር ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ፤ አንዳንዴ መኪና ጠፋ ተብሎ አንዱ ቀን ይዘለላል። ያን ጊዜ ጓሮውን አያድርስ ነው። ደንበኛ እጁን ሊታጠብ ሲያልፍ አፍንጫውን ሲይዝ ባየሁ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከቤቴ ፊት ያለው የጎርፍ ቱቦ ተደፍኖ ውሃው እስከ ምድጃው ድረስ ገባ። በማግስቱ ልጆች ገብተው ሲጠርጉ ያወጡት ከሞላ ጎደል ፌስታል ነው። አንዱን ጥቁር ፌስታል በዱላ ወደ ዳር ሲገፉት አየሁት። እኔ ፌስታል ስቋጥር ሁለቱን ጆሮ ጠምዝዤ አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አዞረዋለሁ፤ እናቴ ጨው የምትቋጥረው እንደዚያ ነበር። ያም ፌስታል እንደዚያ ተቋጥሯል። ውስጡ የሽንኩርት ልጣጭ አለ። ከማዳበሪያው ወድቆ ይሁን ገንዳው ሞልቶ ጎርፍ ወስዶት አላውቅም፣ ግን የእኔ ነው።

ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። የተረፈ ምግብ የሚወስድ አለ? ፌስታል ተከልክሏል የሚባለው እኔን እንዴት ይመለከተኛል? ደግሞስ ብለየውም መጨረሻ ላይ አንድ መኪና ላይ የሚጫን ከሆነ መለየቴ ምን ይጠቅማል?

ባለጋሪው

እህቴ፣ እኔ በጽዳት ማኅበር ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያንቺ ሰፈር አይደለሁም። የመጨረሻውን ጥያቄሽን ልመልስ፣ ምክንያቱም በየቤቱ የሚጠየቀው እሱ ነው።

እርጥቡ ቆሻሻ፣ አዎ፣ ዛሬም አንድ ላይ ይጫናል። እኛ ከቤት በጋሪ ሰብስበን ገንዳ ላይ እናደርሳለን፣ መኪናው ከገንዳው አንስቶ ረጲ፣ ቆሼ ወደሚባለው የቆሻሻ ተራራ ይወስደዋል። ደረቁ ግን ከተለየ መኪናው ላይ አይደርስም። ሃይላንዱን፣ ጀሪካኑን፣ ካርቶኑን፣ ብረቱን እኛው ለይተን እንሸጠዋለን፤ ለቆራሌው ይሆናል ወይ ለተረካቢ ነጋዴ፣ ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራና ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ለእኛ ያ ገንዘብ የልጅ ደብተር ነው። ወጥ የነካው ካርቶን ግን ማንም አይገዛውም። አንድ ጭልፋ ወጥ የሙሉ ማዳበሪያ ካርቶን ዋጋ ያሳጣናል።

ሌላው ብርጭቆ ነው። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አንድ ማዳበሪያ ወደ ትከሻዬ ሳነሣ የተሰበረ ብርጭቆ ወጥቶ መዳፌን ከአውራ ጣት እስከ አንጓ ሰነጠቀኝ። ጓንት ነበረኝ፤ ጓንቱን ቆርጦ ነው የገባው። ሰባት ስፌት። ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ብርጭቆውን በአሮጌ የቀለም ባልዲ ለብቻው አድርገሽ ከላይ «ብርጭቆ» ብለሽ እንድትጽፊበት ነው። ሌላውን ቀስ በቀስ ትደርሺበታለሽ።

ላም_አርቢ_ለገጣፎ

የተረፈ ምግብ ወሳጅ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። እኔ ከሦስት ምግብ ቤቶች እወስዳለሁ፤ ፉርሽካና ፋጉሎ የደረሰበትን ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ ይወስዳል። ግን ጭንቅ አለን።

ዓምና አንዲት የምትታለብ ላም መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፋ፣ ማመስኳት ተወች። ሐኪሙ የቻለውን አደረገ፣ አልተረፈችም። ሲከፍቷት ከጨጓራዋ የወጣው ፌስታል ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ኳስ ሆኗል። ማሰሪያ ገመድም ነበረበት። ከየትኛው ቤት እንደመጣ መናገር አልችልም። ከዚያ በኋላ በባልዲ እንጂ በፌስታል ተቋጥሮ የመጣ ምግብ አልቀበልም።

ለከብት የሚሆነው የአትክልት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ ያልሻገተ እንጀራና ዳቦ፣ የጠላ አተላ ነው። ሥጋ የነካው ወጥ ለላም አይሰጥም። የሻገተ እንጀራም እንዲሁ፤ የሻጋታው መርዝ ላሟን አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ ያን ወተት የሚጠጣው የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ሲወሰድ የዕለቱ መሆን አለበት። ማታ በክዳን ባልዲ አስቀምጪ፣ ጠዋት 12 ሰዓት የሚወስድ ሰው ፈልጊ። አብዛኛው አርቢ ገንዘብ አይጠይቅሽም፣ አንዳንዱም ይከፍልሻል።

መሐንዲሱ_ከአቃቂ

ሙያዬ የአካባቢ ምህንድስና ነው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የከተማው ችግርና የእህታችን ማዳበሪያ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርጥብ፣ የሚበሰብስ ነገር ነው። የምንበላው አትክልትና ጥራጥሬ ስለሆነ ልጣጩ ብዙ ነው። ይህ እርጥብ ነገር ከፕላስቲክና ከወረቀት ጋር ሲደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል፤ ደረቁ አይሸጥም፣ እርጥቡ ኮምፖስት አይሆንም። በከተማው የቆሻሻ ታሪክ ውስጥ ከተበላሹት ነገሮች ብዙዎቹን ብትከታተሉ መጨረሻቸው እዚህ ላይ ነው።

ረጲ ላይ የቆመውን ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ጣቢያ ውሰዱ። ነሐሴ 2010 ተመረቀ፣ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ደረቅ ነገር ይፈልጋል። እርጥብ ቆሻሻ ማቃጠል እርጥብ እንጨት እንደማንደድ ነው፤ እሳቱ ጉልበቱን ውሃውን ለማትነን ይጨርሰዋል። እኛ የምንልክለት ደግሞ የጎመን አገዳና የቡና አተላ ነው።

ቆሼን ደግሞ ተመልከቱ። ከ50 ዓመት በላይ ሳይለይ፣ ሳይጠቀጠቅ የተከመረ ተራራ፣ 36 ሄክታር ገደማ። የሚበሰብሰው ነገር አየር ሳያገኝ ከሥር ሲቀበር ሚቴን ያወጣል፤ ያ ጋዝ በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ገደማ የበለጠ ያሞቃል። እርጥበቱም ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ክምሩን ከውስጥ ያላላዋል።

ሰንዳፋ ላይ ሌላ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ሥራ ጀምሮ ነበር። በዙሪያው ያሉት ገበሬዎች ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ታመሙ ብለው ተቃወሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ገበሬዎቹ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ሳይለይ የመጣ ቆሻሻ ፍሳሹ የትም ቢወሰድ ያው ነው፣ የሚቀበለው ሰው ብቻ ይለወጣል። ሰንዳፋ ሲዘጋ መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አየር_ጤና_08

መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ። ቆሼ የተናደ ዕለት።

ከቆሼ ማዶ ነው ያደግሁት። ልጆች ሆነን ሽታውን አናውቀውም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ነው የምናውቀው። የዚያን ዕለት ማታ ቤት ነበርኩ። ድምፁን ነጎድጓድ መሰለኝ፣ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ወጥቼ ስሮጥ መብራት ያለባቸው ቤቶች የነበሩበት ጨለማ ሆኗል። ጥቁር ክምር ብቻ። ሰው በእጁ ይቆፍር ነበር፣ በባልዲ ክዳን፣ በሰሃን። ስካቫተር የመጣው በኋላ ነው።

ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው፤ ማታ ስለሆነ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ነበር። አብሮኝ ከሁለተኛ ክፍል የተማረ ጓደኛዬ እናቱንና ሁለት እህቶቹን አጣ። እሱ ለሥራ ወጥቶ ነበር።

መሐንዲሱ፣ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ያ ተራራ የሌላ ሰው እንዳልነበረ ብቻ ነው። ከቦሌ፣ ከፒያሳ፣ ከቄራ፣ ከእኛም ቤት የወጣ ነው። እህቴ ቋጠሮሽን ማወቅሽን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

መሐንዲሱ_ከአቃቂ

ነፍሳቸውን ይማር። ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ።

ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ ፉኩኦካ የሚባለው የጃፓን ዘዴ ተሠርቶበታል። ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች በድንጋይ ተከበው ክምሩ ውስጥ ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ ይወጣል፣ በዚያው ቱቦ አየር ይገባል፣ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ክምሩም ይረጋል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ይህ የተከመረውን ማስታመም ነው። ነገ የሚመጣውን የሚቀንሰው የሚወጣበት ጓዳ ነው።

ባለሱቁ_ከጀሞ

ስለ ፌስታሉ አንድ ሰው የባለሱቁን ችግር ይናገር። እኔ ሕጉን አልቃወምም፣ ሐቁን ግን ልንገራችሁ። ደንበኛ ባዶ እጁን ይመጣል። ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ሩብ ኪሎ ምስር፣ ሁለት ሳሙና። ፌስታል የለም ስለው ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ጎረቤቱ ከሥር ደብቆ ይሰጠዋል። ሕጉን ያከበርኩት እኔ ደንበኛ አጣሁ። የወረቀት ከረጢት ደግሞ ዋጋው አይቀመስም፣ ዝናብ ሲነካው ይበጠሳል። ቅጣቱ እታች እኛ ላይ ከሚጀምር ፋብሪካውና አስመጪው ላይ ይጀምር።

መሐንዲሱ_ከአቃቂ

ቅሬታህ እውነት አለው። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። እማወራ ወይም አባወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይም ያዝዝ ነበር። ሁለቱም ወረቀት ላይ ቀሩ፤ ሚሊ ሜትር የሚለካ ተቆጣጣሪ ሱቅ ለሱቅ አይዞርም። በ2017 የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን መለካቱን ትቶ ፌስታሉን ራሱን ከለከለ። ማምረትም፣ ማስመጣትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም። ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ የአምራችና የአስመጪው ቅጣት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከላይ ይጀመር ያልከው ሕጉ ውስጥ አለ፤ የጎደለው ከላይ መጀመሩ ነው።

ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከልክለው ተሳክቶላቸዋል። ኤርትራ ከሁለቱም ቀድማ በ2005 ከልክላለች። ኬንያ ላይ ፌስታል ከገበያ የጠፋው አምራቹም አስመጪውም ስለተያዘ ነው፤ ባለሱቁ ከየት አምጥቶ ይስጥ?

እታለም_ከጉለሌ

ባለሱቁ ልጄ፣ እኔ 64 ዓመቴ ነው። ፌስታል ሳይመጣ ገበያ የለም ነበር እንዴ? ዘንቢል ነበር። ሥጋ ቤት የምንሄደው ሰሃን ይዘን ነው፣ ዘይት የምንገዛው በጠርሙሳችን ነው። በርበሬና ሽሮ በጨርቅ ከረጢት ነበር የሚያዘው፤ እኔ ዛሬም ከአሮጌ ነጠላ ሰፍቼ አለኝ፣ ይታጠባል። አንተም ሱቅህ በር ላይ ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ ሰቅለህ ሽጥ። አንዴ የገዛ ሰው ሁለተኛ ቀን ይዞት ይመጣል፣ የሚረሳውን ደግሞ ልጆቹ ያስታውሱታል።

ባለሱቁ_ከጀሞ

እማዬ፣ እሺ። ዘንቢሉን እሞክራለሁ። የሚመዘነውን ነገር ደግሞ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ትንሽ ቀነስ አደርግለታለሁ፤ ፌስታል የምገዛበትን ገንዘብ እሱ ላይ ባውለው ኪሳራ የለውም።

ኮንዶ_አራተኛ_ፎቅ

ጓሮ የሌለን ሰዎችም አለን። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ የጓዳዬን ልጣጭ በረንዳ ላይ ኮምፖስት ሳደርግ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ክዳን ያላቸው ገዛሁ። ግድግዳቸውንና ታቻቸውን በጋለ ሚስማር በሳሳኋቸው፣ ከሥራቸው ጠብታ የሚቀበል ሳህን አደረግሁ።

ምሥጢሩ ሰጋቱራ ነው። እንጨት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በማዳበሪያ ሞልተው ይሰጧችኋል። አንድ እፍኝ ልጣጭ ከጨመርኩ ሁለት እፍኝ ሰጋቱራ ወይም የደረቀ ቅጠል ከላይ አለብሰዋለሁ። ከሸተተ ውሃው በዝቷል ማለት ነው፣ ሰጋቱራ ጨምሩ። ከደረቀና ካልሞቀ እፍኝ ውሃ ርጩበት። በሳምንት አንዴ በዱላ ገልብጡት። እጄን ከላዩ ሳደርግ እንደ አዲስ እንጀራ ሞቅ ይለኛል፤ ያኔ እየሠራ ነው። አንዱ ባልዲ ሲሞላ ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ይጀመራል። በሦስት ወር ጥቁር፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነገር ይወጣል። የቡና አተላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በጣም ይወዳል። ሥጋ፣ ዘይትና ወጥ አታስገቡ፤ አይጥ ይጠራል።

ሎሚ ላይ ተጠንቀቁ፣ ትንሽ ብቻ። የጫት ገረባ የሚወጣላችሁ ደግሞ በደቃቁ ከትፋችሁት ካልሆነ እንጨቱ ዓመት ይፈጃል።

የመጀመሪያውን ኮምፖስት ለጎረቤቴ ሰጠኋት፣ በዘይት ጀሪካን ቆስጣ ዘርታበታለች። አሁን ከፎቃችን ስምንት ቤት ሰባቱ ልጣጩን ለእኔ ያመጣል፣ ባልዲዬ አልበቃ ብሎ ከግቢ ኮሚቴው ጋር በርሜል ለማቆም እየተነጋገርን ነው።

ሐና_ከሽቱትጋርት

እዚህ ጀርመን 14 ዓመት ኖሬአለሁ። የሚበሰብሰውን ለብቻ መሰብሰብ እንደ ፈረንጆች ከ2015 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው፣ ግን ሰውን ያስተማረው ገንዘብ ይመስለኛል። ውሃ ስትገዙ ለፕላስቲክ ጠርሙሱ 25 ሳንቲም ተጨማሪ ትከፍላላችሁ፣ ባዶውን ሱፐርማርኬት ላለው ማሽን ስትመልሱ ይመለስላችኋል። መንገድ ላይ ጠርሙስ ወድቆ አይውልም። አንድ ሰው ቢጥለው ሌላ ሰው ያነሣዋል፣ ዋጋ አለውና። ሃገር ቤት ይህ ቢጀመር ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ባለጋሪው

ሐና፣ በቅንነት ስላሰብሽልን እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን ልብ በይልን። እኛ ጋ የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ድሮም በመያዣ ነው፤ ባዶ ሳጥን ይዘሽ ካልሄድሽ አይሸጥልሽም። ሃይላንዱንም የሚያነሣው ሰው አለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ገንዳ የሚፈትሸው ልጅ፣ «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ሰው። የተጻፈ ዋጋ ስለሌለው ነው ችግሩ። ገዢው ዛሬ ይህን ያህል ይላል፣ ነገ በግማሽ ይቀንሰዋል፣ ልጁ የሚከራከርበት የለውም። የመያዣው ሥርዓት ከመጣ ማሽን ከማቆም በፊት ለእነዚህ ልጆች መታወቂያ፣ ጓንትና የተቆረጠ ዋጋ ይሰጥልን። ሥራውን ያውቁታል።

ሐና_ከሽቱትጋርት

ልክ ነህ ወንድሜ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

የቄራዋ_ጓዳ

ከአራት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የተመከርኩትን አንድ በአንድ ሞክሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። አራት ባልዲ ጓሮ ደረደርኩ፣ ማንም አልተጠቀመበትም። ልጆቹ ሰሃን ሲያነሱ እንደ ልማዳቸው ሁሉንም አንድ ቦታ ይደፋሉ። ተቆጣሁ፣ አልሠራም። ሦስተኛው ቀን ላይ ቆሜ ሳያቸው ገባኝ። ዕቃ የምታጥበው ልጅ እጇ አረፋ ነው፣ ከኋላዋ አሥር ሰሃን ይጠብቃታል፣ ባልዲው ጓሮ ነው። እንዴት ትሂድ? ባልዲዎቹን ከመታጠቢያው አጠገብ፣ ከወገቧ ከፍታ በማይበልጥ መደርደሪያ ላይ አደረግኋቸው። ለከብት የሚሆነው በነጭ፣ ሥጋ የነካው በቀይ። ሃይላንድና ካርቶን በማዳበሪያ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ብርጭቆው በቀለም ባልዲ፣ ስሙ ተጽፎበት። በማግስቱ ያለ ቁጣ ሠራ።

ነጩን ባልዲ አንድ አርቢ ጠዋት ጠዋት ይወስደዋል። ሃይላንዱንና ካርቶኑን ለማኅበሩ ልጆች እሰጣለሁ፤ ከሰጠሁ ወዲህ ቀን ዘልለው አያውቁም። የቡናው አተላና የእንቁላል ቅርፊቱ የጎረቤቴ ችግኝ ላይ ይሄዳል። ያገለገለ ዘይት በፊት ቱቦ ውስጥ እደፋ ነበር፣ አሁን በጀሪካን አጠራቅሜ ሳሙና ለምትሠራ ሴት እሰጣለሁ። ሦስት ማዳበሪያ የነበረው ቆሻሻ አንድ አልሞላም። የቀረው ሶፍት፣ አጥንትና ቀይ ባልዲው ነው፤ እሱን ገና አላወቅሁበትም።

ፌስታል አቁሜአለሁ። ምግብ ይዞ ለሚሄድ ደንበኛ ሳህኑን ይዞ ቢመጣ ጭማሪ ጭልፋ እንደማደርግለት በር ላይ ለጥፌአለሁ። እስካሁን የሚያመጡት ከአሥር ሦስቱ ናቸው።

ላም_አርቢ_ለገጣፎ

ጎበዝ! ቀይ ባልዲውን ውሻ የሚያረቡ ሰዎች ይወስዱታል። ግን አፍልተሽ ስጪ፣ ሽንኩርትና ቅመም ያለበት ወጥም አይግባበት።

ኮንዶ_አራተኛ_ፎቅ

በርሜሉን ትናንት አቆምነው። 200 ሊትር፣ መርካቶ ካሉት በርሜል ሻጮች። ስትገዙ ውስጡን አሽትቱ፤ ኬሚካል የነበረበትን አትውሰዱ፣ የምግብ ዘይት የነበረውን ምረጡ።

የቄራዋ_ጓዳ

የዘይቱን በርሜል በሙቅ ውሃና በአመድ ካጠብኩት ይበቃል? ጓሮዬ ጥግ ላይ ቦታ አለኝ።

ኮንዶ_አራተኛ_ፎቅ

ይበቃል። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ክፍቱን ተይው፣ ከዚያ ሰጋቱራውን ከታች አንድ ስንዝር አንጥፈሽ ጀምሪ።